የጓሮ ወፎች ሲታመሙ፦ መድኃኒቱን ተዪውና መመገቢያውን አውርጂ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ጓሮዬ ውስጥ ለወፎች እህልና ውሃ ማስቀመጥ ከጀመርኩ ቆየሁ። ከሰሞኑ አንዲት ወፍ ላባዋን ነፍታ መመገቢያው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ ስጠጋት እንኳ አትበርም። ምንቃሯ ዙሪያ ርጥብ ነው። ትናንት ደግሞ ሁለት ሞተው አገኘሁ። ውሃቸው ውስጥ የትኛውን መድኃኒት ልጨምርላቸው? ምግቡን ካቆምኩስ በረሃብ አያልቁም? ዶሮዎችና ድመትም አሉኝ።»

እህቴ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ምንም መድኃኒት አትጨምሪ። መመገቢያውንም የውሃ ሳህኑንም ዛሬውኑ አውርጂ፣ ነገ አትበይ። ምክንያቱንና ቀጥሎ የሚደረገውን ከታች ጽፌዋለሁ። ረዘም ይላል፤ ጊዜ ከሌለሽ ግን ለዛሬ ይህችው ትበቃሻለች።

የመድኃኒቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ስለሆነ። ለዶሮ መድኃኒት ውሃ ውስጥ በጥብጠን የምንሰጠው ስንት ዶሮ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚመዝኑና በቀን ምን ያህል እንደሚጠጡ ስለምናውቅ ነው። የዱር ወፍ ላይ ከእነዚህ አንዱንም አናውቅም። አንዷ ሁለቴ ጎንጨት ብላ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ቀኑን ሙሉ ትመላለሳለች፣ የታመመችው ደግሞ መዋጥ አቅቷት ጭራሽ ላትጠጣ ትችላለች። ስለዚህ ጤነኞቹ ያላስፈለጋቸውን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ በሽተኛዋ ምንም አታገኝም። ሕመሙን ያመጣው ባክቴሪያ ይሁን ቫይረስ ወይም ሌላ ጥገኛ ተህዋስ በዓይን አይለይም፤ ለባክቴሪያ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም። አነስ አነስ ያለ መጠን ሳህን ላይ መበተን መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ማርባት ነው። ኮምጣጤ ጨምሩበት፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩበት፣ ጠብታ በረኪና ጣል አድርጉበት የሚሉትንም እርሺያቸው።

ረሃቡን በተመለከተ ስጋትሽ ይገባኛል፣ ግን የጓሮ ወፍ በአንድ ሳህን አትኖርም። ያንቺን እህል የምትበላ ወፍ ቀኑን ሙሉ ሣር ውስጥም፣ ቅርንጫፍ ላይም፣ ሌላ ሰው ግቢም ስትለቅም ትውላለች። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ለ25 ዓመት ለወፎች ምግብ ሲቀርብበት ከነበረ ቦታ መመገቢያዎቹ ተነስተው፣ ቺካዲ የሚባሉት ትንንሽ ወፎች የብርዱን ወራት እንዴት እንዳለፉ ተጠንቶ ነበር። ምግብ ቀርቦላቸው ከማያውቁት ጋር ሲነጻጸሩ በሕይወት በመቆየት ረገድ ልዩነት አልተገኘም። ያውም በኃይለኛ ቅዝቃዜ ወቅት ነው። ስለዚህ ጥቂት ሳምንት ማቆምሽ አይገድላቸውም። አለማቆምሽ ግን ሊገድላቸው ይችላል።

ለምን ቢባል፣ በሽታውን የሚያዛምተው መመገቢያው ራሱ ስለሆነ። ወፎች በተፈጥሯቸው ዘር ሲለቅሙ ይበታተናሉ፤ እዚህ አንድ ፍሬ፣ እዚያ አንድ ፍሬ። እኛ ግን እህሉን አንድ ቦታ እንከምረዋለን። በተለምዶ የማይገናኙት እርግብና ድንቢጥ ሳይቀሩ አንድ ጠርዝ ላይ ይሰለፋሉ፣ እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ኩሳቸውን ይጥላሉ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አንቺ ያየሽው ነገር ነው። የታመመች ወፍ ሩቅ መብረር ስለማትችል ድካም የሌለበትን ምግብ ትመርጣለች፣ ማለትም ያንቺን። ጤነኛዋ ሁለት ፍሬ አንስታ ስትሄድ እሷ እዚያው ተቀምጣ ትውላለች፤ ፍሬውን አፏ ውስጥ ታገላብጠውና መዋጥ ሲያቅታት መልሳ ትተፋዋለች፣ ቀጥላ የምትመጣው ያንኑ ፍሬ ታነሳለች። በሽታው በጣም የጠናባት ወፍ ከማንም በላይ መመገቢያው ላይ የምትቆየው ናት ማለት ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሀውስ ፊንች የምትባል ወፍ አለች። እ.ኤ.አ. በ1994 ዓይኗን የሚያሳብጥ፣ የሚያስለቅስና የሚያሳውር በሽታ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታየባት፤ መንስኤው ማይኮፕላዝማ ጋሊሴፕቲከም የሚባል፣ ዶሮ አርቢዎች ከጥንት የሚያውቁት ባክቴሪያ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱን ምሥራቃዊ ክፍል አዳረሰ። በኋላ ተመራማሪዎች ወፎቹን ሲከታተሉ፣ መመገቢያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጠፉት ወፎች በበሽታው ለመያዝም ለማስያዝም ቀዳሚዎቹ ሆነው ተገኙ። ሌላው ሙከራ ይበልጥ ይገርማል። ብዙ ሰው «መጨናነቁን ለመቀነስ መመገቢያ አብዙ» ብሎ ይመክራል አይደል? ትልልቅ ወፍ ቤቶች ውስጥ መመገቢያ ሲበዛ በሽታው የባሰ ተዛመተ። ስለዚህ መመገቢያ ስለተጨመረ ብቻ ችግሩ ይቃለላል ማለት አይቻልም። መቀነስ ያለበት ጠቅላላው የምግብ መጠንና ወፎቹ እዚያ የሚያጠፉት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ወፍሽ። ምንቃሯ ዙሪያ ርጥብ ነው ማለትሽ፣ መዋጥ የሚያቅታትም ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ትሪኮሞኖሲስ ነው። ትሪኮሞናስ ጋሊኔ የሚባል ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ተህዋስ ጉሮሮዋ ውስጥ ቢጫማ አይብ የመሰለ ነገር ያበቅላል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ወፏ ምግብ ላይ ተቀምጣ በረሃብ ትሞታለች። እርግቦች ይህን ተህዋስ ሳይታመሙ ተሸክመው ሊኖሩ ይችላሉ። የታመመ እርግብ የበላ ጭልፊትም ይይዘዋል። የትንንሽ ወፎች በሽታ መሆኑ የታወቀው ግን በቅርቡ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ብሪታንያ ውስጥ ፊንች በሚባሉ ትንንሽ ወፎች ላይ ታየ፣ በቀጣዩ ዓመት ወረርሽኝ ሆነ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን አውሮፓ ተሻገረ። ግሪንፊንች የምትባለው አረንጓዴ ወፍ፣ በየግቢው የምትታይ ተራ ወፍ የነበረችው፣ እዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ ቁጥሯ 62 በመቶ አሽቆለቆለና በ2021 አደጋ ላይ ያሉ ወፎች የሚሰፍሩበት ቀይ መዝገብ ውስጥ ገባች። ያውም እህል የሚያቀርቡላት እልፍ ሰዎች እያሉላት።

ስለዚህ ተህዋስ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ድርቀት አይችልም። ከወፍ አካል ውጭ የሚቆየው ርጥበት ካገኘ ነው። ለዚህ ነው የውሃ ሳህኑን አብረሽ አንሺ ያልኩሽ። ብዙ ሰው ምግቡን ያቆምና «ውሃ እንኳ ይጠጡ» ብሎ ሳህኑን ይተዋል። የታመመች ወፍ ምራቋን የምታንጠባጥብበት፣ ሌሎቹ የሚጠጡበት፣ የሚታጠቡበት ያው አንድ ሳህን ነው፤ መንደሩን ሙሉ በአንድ ኩባያ እንደማጠጣት ቁጠሪው። ይህ ተህዋስ ሰው ላይ አይተላለፍም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ይህኛው በኩስ ነው የሚተላለፍ፤ ስለዚህ ወፎች እህሉ ላይ የሚቆሙበት ጠፍጣፋ መመገቢያና ከሥሩ ያለው መሬት ዋና መንገዱ ናቸው። ወፏ ትነፋለች፣ ትደነዝዛለች፣ አንዳንዴም ጠዋት ደህና የነበረች ማታ ሞታ ትገኛለች። ከትሪኮሞኖሲስ የሚለየው ሰውንም ድመትንም መያዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ከዱር ወፎች ጋር በተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ በ12 ግዛቶች 29 ሰዎች ታመው 14ቱ ሆስፒታል ገብተዋል። ቁጥሩ የሚያስደነግጥ አይደለም። ግን መመገቢያውን ባዶ እጅ ነክቶ ወደ ማዕድ መሄድ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያሳያል።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ዓይን ካበጠና ካለቀሰ፣ ከላይ ያነሳሁት ማይኮፕላዝማ ሊሆን ይችላል። ምንቃር ሥር፣ ዓይን ዙሪያ ወይም እግር ላይ ኪንታሮት የመሰለ እብጠት ከታየ የወፍ ፈንጣጣ ያስጠረጥራል፤ ትንኝ ታስተላልፈዋለች፣ ንክኪና የተበከለ መቆሚያም ያስተላልፋሉ፣ ቫይረሱም ውጭ ብዙ ይቆያል። እግር ላይ ብቻ ቅርፊት ካለ የእከክ ተባይ ወይም ሌላ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። የወፍ ጉንፋን፣ ኤች5ኤን1 የሚባለው፣ በብዛት የሚያጠቃው ዳክዬዎችን፣ ሌሎች የውሃ ወፎችንና እነሱን የሚበሉትን አዳኝ ወፎች ነው፤ ድንቢጥን በሚያካክሉ የጓሮ ወፎች ላይ ብዙም አይታይም። ግን አይነካቸውም ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ምርመራውን ራስሽ እንድትጨርሺው አይደለም። ላባ መንፋት የሁሉም በሽታ ምልክት ነው። ወፍ ስትታመም ሙቀቷን ለመያዝ ትነፋለች፣ በቃ። በርግጠኝነት የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ደስ የሚለው ነገር የመጀመሪያው እርምጃሽ በሽታው የትኛውም ቢሆን አንድ መሆኑ ነው።

የተቀመጠችውን ወፍ አታሳድጃት፤ ያንኑ የቀራትን ጉልበት ነው የምታስጨርሻት። እህል በእጅሽ ወይም ውሃ በሲሪንጅ አፏ ውስጥ ለማስገባትም አትሞክሪ፣ መዋጥ ለማትችል ወፍ ውሃው ሳንባ ውስጥ ይገባል። አካባቢሽ የዱር እንስሳ የሚያክም ካለ ደውለሽ ጠይቂ፣ ሳጥን ውስጥ እንዴት እንደምታስገቢያት እነሱ ይነግሩሻል። ከሌለ ድመቷን ቤት ዘግተሽ ወፏን በሰላም ተያት። ይህን ማለት ደስ አይልም፣ ግን ይህን ያህል የደከመች ወፍ ብዙውን ጊዜ አትተርፍም፤ አሁን ሥራሽ ቀጣዮቹን አሥር ማትረፍ ነው።

የሞቱትን በባዶ እጅ አትንኪ። ጓንት ከሌለሽ ፌስታል እጅሽ ላይ አጥልቀሽ ያዣቸው፣ ከዚያ ፌስታሉን ገልብጠሽ ቋጥሪውና ሌላ ፌስታል ውስጥ ክተቺው። ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚወሰድ ከሆነ እዚያ፣ አለዚያ ውሻና ድመት ቆፍረው የማያወጡት ጥልቀት ድረስ ቆፍረሽ ቅበሪ። ሲጨርሱ እጅ በሳሙና። ሁለት ትንንሽ ወፎች ሲሞቱ ለሚመለከተው የእንስሳት ጤና ቢሮ መንገር ጥሩ ነው፤ ብዙ ባንዴ ከሞቱ፣ ወይም ከሟቾቹ ውስጥ ዳክዬ፣ ቁራ ወይም ጭልፊት ካለ ግን «ጥሩ ነው» አይባልም፣ ግዴታሽ አድርጊው። ያኔ ከመቅበርሽ በፊት ደውይ፤ ናሙና ሊፈልጉ ስለሚችሉ ምን እንደምታደርጊ እነሱ ይንገሩሽ።

ጽዳቱ ላይ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። በረኪና የደረቀ ኩስና የተጋገረ እህል ላይ ቢፈስስ ቆሻሻው ላይ ጉልበቱን ጨርሶ ይቀራል፣ ጀርሙ ሥር ቁጭ ብሎ። ስለዚህ መጀመሪያ የተረፈውን እህል ሙሉ በሙሉ ጣይ (አትቆጥቢ፣ ለዶሮዎችሽም እንዳትሰጪ)፣ ከዚያ መመገቢያውን ፈታትተሽ በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ እሺው። ምንም እስከማይቀር ድረስ። ቀጥሎ አንድ እጅ የቤት በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጪና ዕቃውን አሥር ደቂቃ ያህል ዘፍዝፊው። ሽታው እስኪጠፋ በንጹህ ውሃ አለቅልቂው፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጢውና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ማድረቁን እንደ ተራ ነገር አትዪው፤ ቅድም ያልኩት ተህዋስ ድርቀት አይችልም። ብጥብጡን በየጊዜው አዲስ አድርጊ፣ ተበጥብጦ የቆየ በረኪና ይደክማል። ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ደግሞ በፍጹም እንዳትደባልቂው፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ይህን ሁሉ የምትሠሪው ውጭ ነው፣ ዕቃ የምታጥቢበት ገንዳ ውስጥ አይደለም፤ ብሩሹም ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ ይሁን።

የእንጨት መመገቢያ ከሆነ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ብሆን እጥለዋለሁ። እንጨት ርጥበትና ቆሻሻ በስንጥቁ ስለሚይዝ በደንብ አይጸዳም። ፕላስቲክ፣ ብረት ወይም ሸክላ የተሻለ ነው።

መሬቱንም አትርሺ። ከመመገቢያው ሥር የተከማቸው ገለባና ኩስ ሁለተኛ መመገቢያ ነው፣ መሬት ለቃሚዎቹ ወፎች እዚያ ናቸውና። ውሃ ረጨት አድርጊበትና በአካፋ አንሺው። በደረቁ አትጥረጊው፤ የደረቀ የወፍ ኩስ አቧራ ከመተንፈስ የሚይዝ ሲታኮሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ አለ። አቧራ የሚነሳበት ሥራ ከሆነ ማስክ አድርጊ።

መቼ ልመልሰው ትዪኝ ይሆናል። የመጨረሻዋን የታመመች ወይም የሞተች ወፍ ካየሽበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት። ከአንዴ በላይ ካገረሸ አንድ ወር። እኔ ወደ ረጅሙ አደላለሁ፣ ምክንያቱም የምናየው የሞተውን ሁሉ አይደለም፤ አብዛኞቹ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀው ይሞታሉ ወይም ድመት ቀድማ ታገኛቸዋለች። ሁለት አየሁ ማለት ሁለት ብቻ ሞቱ ማለት አይደለም።

ስትመልሺ ግን እንደ ድሮው አይሁን። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ መሰል መመገቢያ ይቅር፤ ወፎቹ እህሉን የሚረግጡበትና ኩስ የሚጥሉበት እሱ ነው። ውሃ የሚቋጥር ሳህንም ያው ነው። ቱቦ መሰሉ ኩስን ይቀንሳል፣ ግን ቀዳዳው ላይ ሁሉም ጭንቅላቱን ስለሚያስገባ ለዓይኑ በሽታ እሱም ነጻ አይደለም። እንግዲህ ትልቁ ነገር መጠኑ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ተበልቶ የሚያልቀውን ያህል ብቻ አድርጊ፣ ሲያልቅ ቶሎ አትሙዪ፣ አንዳንድ ቀንም ጭራሽ ተዪው። ማታ ላይ የተረፈ ካለ ነገ ቀንሺ። በየሳምንቱ ከላይ እንዳልኩሽ እጠቢ፣ ባጠብሽ ቁጥርም ቦታ ቀይሪለት። የሻገተ እህል፣ በተለይ ኦቾሎኒ፣ አይቀርብም፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፣ መርዙ ደግሞ ሻጋታውን ስላራገፍሽው አይጠፋም። ውሃው በየቀኑ ይደፋ፣ ሳህኑ ይፈተግ። ይህ ትንኝን ለመከላከልም ይጠቅማል፦ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ እስክትበር በሙቀት ጊዜ ሳምንት ገደማ ይበቃታል፣ በየቀኑ የሚደፋ ውሃ ግን ጊዜ አይሰጣትም። እ.ኤ.አ. በ1999 ኒው ዮርክ የገባውና ቁራዎችን በብዛት የፈጀው የዌስት ናይል ቫይረስ በትንኝ የሚተላለፍ ነው፣ የወፍ ፈንጣጣም እንዲሁ።

ዶሮዎችሽ። የዱር ወፎች መመገቢያ ከዶሮ ቤቱ አጠገብ ከሆነ ሲመለስ ያኛው የግቢው ጫፍ ይሁን። የዶሮ መኖና ውሃ ጣሪያ ሥር፣ ድንቢጥ በማታልፍበት ጠባብ ወንፊት ሽቦ ውስጥ ይሁን፤ ማይኮፕላዝማውም፣ ሳልሞኔላውም፣ የወፍ ጉንፋኑም ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገሩ ይችላሉ። ጠዋት መጀመሪያ ዶሮዎቹን አስተናግጂ፣ የዱር ወፎቹን ዕቃ ማጽዳት ከዚያ በኋላ። ዶሮ ቤት የምትገቢበት ጫማም ሌላ ቦታ አይሂድ። ዶሮዎቹ ማንኮራፋት፣ ማስነጠስ ወይም እንቁላል መቀነስ ከጀመሩ የእንስሳት ሐኪም ጥሪ፣ ለእነሱ መድኃኒት አለ፣ መጠኑም ይታወቃል።

ድመቷ ለጥቂት ሳምንት ቤት ብትውል ሁለት ጥቅም አለው፤ የደከሙ ወፎች ለመያዝ ቀላል ስለሆኑ እሷ ቀድማ ነው የምትበላቸው፣ ከዚያ ሳልሞኔላው እሷን ይይዛል፣ አንቺም የእሷን ቆሻሻ ታነሻለሽ። ታማ ከተኛች፣ ካስመለሳት ወይም ካስቀመጣት ወፍ መብላቷን ለሐኪሙ መናገር እንዳትረሺ።

አንዳንድ ሰው «እንዲህ ከሆነ ጭራሽ ወፍ መመገብ ይቅር» ይላል። ክርክሩ ተገቢ ነው። ሳምንታዊውን እጥበት ማድረስ ለማይችል ሰው እኔም ያንኑ እመክራለሁ። ዘር የሚሰጡ አበቦችን ቶሎ ሳይቆርጡ ቆመው እንዲደርቁ መተው፣ ፍሬ የሚያፈራ ቁጥቋጦ መትከል፣ ነፍሳትን የሚፈጅ ኬሚካል አለመርጨት፤ ይህ ወፎችን ይመግባል፣ ግን አንድ ጠርዝ ላይ አያሰልፋቸውም። ማየት ለሚወድ ሰው መመገቢያው የሚሰጠውን ቅርበት አይሰጥም፣ እሱን አልክድሽም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ጎረቤቶችሽም እህል የሚያስቀምጡ ከሆነ ንገሪያቸው፣ ያንቺ ሲወርድ ወፎቹ እነሱ ጋ ነው የሚሄዱት፣ የታመመችውም ጭምር። ለእንስሳት ጤና ቢሮው ስትደውዪ ደግሞ የሞቱት ምን ዓይነት ወፎች እንደሆኑ፣ የመጀመሪያዋን መቼ እንዳየሻት፣ ዓይናቸውና እግራቸው ላይ ምን እንዳለ ጻፍ አድርገሽ ያዢ፤ ፎቶም ከርቀት አንሺ። እዚህም ብትጽፊልኝ አየዋለሁ።